ጣፊያ ለምን ያብጣል? ከአልትራሳውንዱ ወረቀት ጀርባ ያለው ጥያቄ

ለጨጓራ ሕመም ወይም ለኩላሊት ጠጠር ተብሎ በታዘዘ የአልትራሳውንድ ውጤት ላይ፣ ከጉበቱና ከሐሞት ከረጢቱ ቀጥሎ፣ አንዲት አጭር መስመር ትገኛለች፦ «ጣፊያ 15 ሴ.ሜ፤ መጠኑ ጨምሯል።» ታካሚው ወረቀቱን ይዞ ከክፍሉ ሲወጣ ጨጓራውን ረስቶታል። ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጦ ስልኩን ያወጣል፣ ቃሉን ጽፎ ይፈልጋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «የደም ካንሰር» የሚል ጽሑፍ ፊቱ ይደቀናል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ሌላ ዓይነት ሰውም አለ። ለወራት ግራ ጎኑ ይከብደዋል፣ ሦስት አራቴ ጎርሶ ይጠግባል፣ ፊቱ እየገረጣ ሱሪው ግን ወገቡ ላይ እየጠበበው ይሄዳል። አንድ ቀን «ጣፊያ ነው» ይባላል። ለሕመሙ ስም ስለተገኘለት ምክንያቱም የታወቀ ይመስለውና እዚያው ላይ ይቆማል።

የሚሸበረውም ሆነ ችላ የሚለው የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። የጣፊያ ማበጥ የበሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት የበሽታ ስም እንዳልሆነ ሁሉ ይህም ምልክት ነው። ጥቂት የማይባሉ ምክንያቶች አሉት፤ አንዳንዱ በሦስት ሳምንት በራሱ ይድናል፣ አንዳንዱ በክኒን ይድናል፣ አንዳንዱ ካልታከመ ይገድላል። የጣፊያው መጠን ብቻውን የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። ስለዚህ «ጣፊያዬን ምን ላድርገው?» ከሚለው በፊት «ለምን አበጠ?» የሚለው መቅደም አለበት። ይህን ደጋግሜ የምለው ምክንያቱ ሳይታወቅ መድኃኒት የሚጀመርባቸው፣ ይባስ ብሎም ቢላዋ የሚነሳባቸው ሰዎች ስላሉ ነው።

ከጎድን ሥር የተደበቀው ማጣሪያ

ጣፊያ በግራ በኩል፣ ከድያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) በታች፣ ከጨጓራ በስተኋላ የተቀመጠ፣ ከ9ኛው እስከ 11ኛው የጎድን አጥንት የከለለው ጥቁር ቀይ አካል ነው። በአዋቂ ሰው ክብደቱ ከ150 እስከ 200 ግራም፣ ርዝመቱ እስከ 12 ሴ.ሜ ገደማ ይሆናል። የተጨበጠ ቡጢ ያክላል ማለት ይቻላል። ጤናማ ሲሆን ጎድኑ ስለሚሸፍነው በጣት ቢፈለግ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

ዋና ሥራው ደምን ማጣራት ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል። ስፋቱ 7 ወይም 8 ማይክሮ ሜትር ነው፤ በጣፊያ ውስጥ የሚያልፍባቸው ስንጥቆች ግን ከዚያ እጅግ የጠበቡ ናቸው። ወጣትና ጤናማ ሴል ለስላሳ ስለሆነ ተጣጥፎና ተሳስቦ ያልፋል። ያረጀ፣ የደረቀ ወይም ተውሳክ የተሸከመ ሴል ግን መታጠፍ ያቅተዋል። እዚያው ተይዞ ይቀራል፣ አጠገቡ የሚጠብቁት በላተኛ ሴሎችም ይውጡታል፤ በውስጡ የነበረው ብረት ተመልሶ ለአዲስ ደም መሥሪያ ይውላል። ከዚህ ጎን ለጎን ጣፊያ የመከላከያ ሴሎች የሚሰባሰቡበት ሠፈርም ነው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ባክቴሪያ ተይዞ ፀረ እንግዳ አካል የሚዘጋጅለት እዚህ ነው። በደማችን ካሉት ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ጥቃቅን ሕዋሳት፣ ሲሶ ያህሉ የሚቀመጠውም በእሱ ውስጥ ነው።

ይህን ከተረዳን ጣፊያ የሚያብጥበትን መንገድ መገመት አይከብድም። የማጣራት ወይም የመከላከል ሥራው ሲበዛበት ያድጋል። ደሙ የሚወጣበት ሥር ሲታገት ይወጠራል። የእሱ ያልሆነ ነገር ሲከማችበት ይሞላል። ደግሞም መቅኔ ደም መሥራት ሲያቅተው፣ በጽንስ ዘመኑ የነበረውን ደም የመሥራት ችሎታ መልሶ ሲይዝ ያብጣል። ብዙ በሽታ ከእነዚህ መንገዶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአንድ ጊዜ ይጠቀማል።

ወደ ምክንያቶቹ ከመግባቴ በፊት ለዚያ ኮሪደር ላይ ለተቀመጠው ሰው አንድ ነገር ልበል። የጣፊያ ልክ ከሰው ሰው ይለያል። ረጃጅም ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ምንም ሳይታመሙ 13 ሴ.ሜ የሆነ ጣፊያ ሊኖራቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ወጣቶችን መርምሮ ከ100ው ወደ 3 በሚጠጉት ላይ ጣፊያቸው በእጅ እንደሚዳሰስ አግኝቷል። ስለዚህ በአንድ ረጅምና ጤናማ ወጣት ላይ የተገኘ 12.5 ሴ.ሜ እና እምብርትን አልፎ የሄደ 22 ሴ.ሜ አንድ ዓይነት ወሬ አይደሉም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም «መጠኑ ጨምሯል» ተብለው ይጻፋሉ።

ተውሳክና ጀርም

በዓለም ላይ ጣፊያን በብዛት ከሚያሳብጡት መካከል ወባ ከፊት ይሰለፋል። የወባ ተውሳክ የገባበት ቀይ የደም ሴል ይደርቃል፤ በጣፊያው ጠባብ ስንጥቅ ማለፍ ስለማይችል ይያዛል። የተያዘው ሲበዛ፣ የመከላከያ ሴሎቹም ሲባዙ ጣፊያው ያድጋል። ይህ ዝምድና ከመታወቁ የተነሳ የሕፃናት ጣፊያ የአካባቢ የወባ መለኪያ እስከመሆን ደርሷል። በሕንድ ያገለግል የነበረ ደምፕስተር የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ የሕዝቡን ጣፊያ እየዳሰሰ የወባን ስርጭት ለካ። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ከመታወቁ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በኋላም ከ2 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከግማሽ በላይ ጣፊያቸው ካበጠ አካባቢው ወባ የበረታበት ነው የሚለው መመዘኛ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ።

ወባ ጥሎት የሚያልፈው ሌላም መልክ አለው። ወባ ደጋግሞ በሚይዝበት ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ የመከላከያ ሥርዓቱ መጠኑን ያልፍና ጣፊያው ከእምብርት በታች እስኪደርስ ይገዝፋል። የደም ምርመራቸው ተውሳኩን ላያሳይ ይችላል፣ ስለዚህ «ወባ የለብህም» ተብለው ይሸኛሉ። መፍትሔው ግን ለወራት የሚወሰድ የወባ መድኃኒት ነው፤ ጣፊያው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የደም ካንሰር ነው ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ነገሩ ይህ ሆኖ ሲገኝ ሐኪሙም ታካሚውም እፎይ የሚሉበት ጊዜ ነው።

ካላዛር ግን እፎይታ አይሰጥም። የአሸዋ ዝንብ በምትባል ከትንኝ በምታንስ ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በደቡብ እስያና በብራዚል ይበረታል። ተውሳኩ ጠላቱን ሊውጥ የተዘጋጀውን በላተኛ ሴል ራሱን ቤቱ ያደርገዋል። እነዚህ ሴሎች ደግሞ በብዛት ያሉት በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ ነው። ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት፣ የደም ማነስና በየጊዜው የሚጨምር ጣፊያ አንድ ላይ ሲታዩ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት እሱ ነው። ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል፤ በወቅቱ ከታከመ ግን አብዛኛው ይድናል። ኤችአይቪ አብሮ ካለ ሕክምናው ይከብዳል፣ በሽታውም ደጋግሞ ያገረሻል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተያይዘው መመርመር አለባቸው። ተውሳኩ የተገኘውም ከጣፊያ ነው። ሊሽማን የተባለው ሐኪም ሕንድ ውስጥ ዱም ዱም በተባለ ሠፈር ታሞ ከሞተ ወታደር ጣፊያ ላይ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1903 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ዶኖቫን የተባለ ሌላ ሐኪም በማድራስ ያንኑ አረጋገጠ። ተውሳኩ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

ወጣቶችን በብዛት የሚይዝ፣ ጉሮሮን የሚያሳምምና የአንገት ንፍፊት የሚያወጣ ኤፕስታይን-ባር የተባለ ቫይረስም ጣፊያን ያሳብጣል። በሽታው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይለቃል። አደጋው ሌላ ነው፦ በፍጥነት ያበጠ ጣፊያ ሽፋኑ ስለሚሳሳ በግጭት ሊፈነዳ ይችላል። ይህ የሚደርሰው ከ100 ሰው ከአንድ በታች ላይ ቢሆንም፣ ወጣቱ ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብሎ ኳስ ሜዳ የሚገባው ጣፊያው ገና ሳይመለስ ነው። ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 3 ሳምንት ግጭት ካለበት ስፖርት መራቅ የሚባለው ለዚህ ነው። ታይፎይድ፣ ብሩሴላ፣ አገርሺ ትኩሳት፣ በመላ ሰውነት የተሰራጨ ቲቢ፣ ኤችአይቪና የልብ ቫልቭን የሚያጠቃ ኢንፌክሽንም ከዚሁ ጎራ ናቸው። በነዚህ ላይ የጣፊያው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ መጠነኛ ነው፤ ምርመራውን የሚመራው ትኩሳቱ ነው።

ውኃው ሲታገት

ከጣፊያ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። ከአንጀት ከሚመጣው ደም ጋር ይገናኝና ፖርታል በተባለው ትልቅ ደም መላሽ ሥር በኩል ጉበት ውስጥ ይገባል። በጉበት ተጣርቶ ነው ወደ ልብ የሚመለሰው። በዚህ መስመር ላይ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ የለም። ስለዚህ ጉበት ላይ የሆነው ሁሉ ጣፊያ ላይ ይንጸባረቃል። ቦዩ ከታች ሲደፈን ውኃው ወደ ላይ ተመልሶ ማሳውን እንደሚያጥለቀልቅ፣ ደሙ ወደ ጣፊያ ይመለስና ይወጥረዋል።

ጉበቱን የሚያደነድነው በአብዛኛው የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረስ፣ አልኮልና በጉበት ላይ የሚከማች ስብ ነው። ሕመምተኛው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ፍንጭ የሚገኘው ለሌላ ነገር በተሠራ የደም ምርመራ ላይ፣ ዝቅ ያለ የፕሌትሌት ቁጥር ሆኖ ነው። ፕሌትሌቶቹ አልጠፉም፤ ያበጠው ጣፊያ ውስጥ ተከማችተዋል። ሲሶውን ይይዝ የነበረው ጣፊያ እጅግ ሲያብጥ እስከ 90 በመቶውን ሊይዝ ይችላል። የፕሌትሌት ማነስ ታይቶ ቫይታሚን ታዝዞለት የሚሸኝ፣ ጉበቱን ግን ማንም ያልጠየቀለት ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በዚያች ቀን ቢታወቅ ኖሮ ብዙ ነገር ማዳን ይቻል ነበር። ዛሬ ሄፓታይተስ ሲ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ በሆኑት ላይ ይድናል። ሄፓታይተስ ቢ ባይጠፋም በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒት ይገታል።

የታገተው ደም ጣፊያን ብቻ አይወጥርም። አማራጭ መንገድ ሲፈልግ በምግብ ቧንቧ የታችኛው ጫፍ ያሉትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ይነፋቸዋል። እነዚህ ሲፈነዱ ሰው ድንገት ብዙ ደም ያስታውካል፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ስለዚህ በጉበት ምክንያት ጣፊያው ያበጠ ሰው ሁሉ የምግብ ቧንቧው በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው ከሐኪሙ ጋር መነሳት ያለበት ጉዳይ ነው። የተነፉት ሥሮች ሳይፈነዱ በላስቲክ ይታሰራሉ፤ ግፊቱን የሚቀንስ ክኒንም አለ።

ቢልሃርዝያ በዚህ መስመር ላይ የራሱ የሆነ መልክ አለው። ቀንድ አውጣ ባለበት ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ለሚዋኝና ለሚቆም ሰው ትሉ በቆዳው በኩል ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ እንቁላሎቹ በጉበት ውስጥ ያሉትን የፖርታል ቅርንጫፎች በጠባሳ ይከባሉ። የጉበቱ ሕዋሳት ራሳቸው ግን ብዙም አይጎዱም። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ፣ የጉበት ምርመራው ደህና የሆነ ወጣት፣ ጣፊያው ግን ገዝፎ፣ አንድ ቀን ደም እያስታወከ ይመጣል። «ጉበቱ ደህና ነው» የሚለው የላቦራቶሪ ወረቀት እዚህ ላይ ያሳስታል።

ደም መላሹ ሥር ራሱ በረጋ ደም ሲዘጋም፣ የቀኝ ልብ ሲደክምም፣ የልብ ሽፋን ሲደድርም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። በተለይ የቆሽት ብግነት ከጣፊያ የሚወጣውን ሥር ብቻ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ጉበቱ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ጣፊያው ያብጣል።

የእናት እጅ

ቀይ የደም ሴሎች ከተፈጥሯቸው ጉድለት ካለባቸው ማጣሪያው ዕረፍት የለውም። በዘር የሚተላለፍ ስፌሮሳይቶሲስ የተባለ ችግር ያለበት ሰው ሴሎቹ ጠፍጣፋ መሆናቸው ቀርቶ እንደ ኳስ ይድቦለቦላሉ። ኳስ አይታጠፍም፤ በጣፊያ ስንጥቅ ላይ ይቀራል። ልጁ ይገረጣል፣ ዓይኑ አልፎ አልፎ ቢጫ ይሆናል፣ በለጋ ዕድሜው የሐሞት ጠጠር ይገኝበታል። ታላሰሚያ በተባለው ሌላ በዘር የሚተላለፍ የቀይ ደም ሴል ችግር ደግሞ ጣፊያው የተበላሹትን ሴሎች ከመልቀሙ በላይ ራሱም ደም ለመሥራት ይሞክራል። የራስ መከላከያ በራስ ደም ላይ ሲነሳም እንዲሁ ነው።

ሲክል ሴል ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። በዚህ በሽታ ቀይ ሴሎቹ ኦክስጅን ሲያንሳቸው እንደ ማጭድ ይቆለመማሉ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ፣ አንዳንዴ በጥቂት ሰዓታት፣ የሕፃኑ ደም በጣፊያው ውስጥ ይታጎራል። ጠዋት ሲጫወት የዋለ ልጅ ማታ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት ይገኛል። ደም በፍጥነት ካልተሰጠው ይሞታል። በጃማይካ የሚሠሩ ሐኪሞች ለዚህ አንድ ቀላል ነገር አደረጉ፦ እናቶችን ጣፊያ መዳሰስ አስተማሩ። እናት ልጇን ስታጥብ ወይም ልብስ ስታለብስ ጣቶቿን በግራ ጎድኑ ሥር ታሳርፋለች፤ በደህና ቀን ጣፊያው የት ድረስ እንደሚደርስ በእጇ ታውቀዋለች። ከዚያ ዝቅ ብሎ ስታገኘው ነገን አትጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የታተመው ውጤታቸው በዚህ ምክንያት የሚሞቱት ሕፃናት በእጅጉ መቀነሳቸውን አሳየ። መሣሪያ አልተገዛም፣ አዲስ መድኃኒትም አልመጣም። የሲክል ሴል ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ቢማር እመኛለሁ።

ይኸው ሕፃን ሲያድግ ነገሩ ይገለበጣል። የተቆለመሙት ሴሎች የጣፊያውን ትናንሽ ሥሮች እየደፈኑ በጠባሳ ይተኩታል። ጣፊያው አብጦበት የነበረ ሕፃን ጣፊያ እንደሌለው የሚቆጠር ጎልማሳ ይሆናል።

በዚህ አጋጣሚ፦ የፕሌትሌት ማነስ ብቻውን በራስ መከላከያ ምክንያት ሲመጣ ጣፊያን አያሳብጥም። ፕሌትሌቱ አንሶ ጣፊያውም ካበጠ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

የደም ካንሰርና ክምችት

እ.ኤ.አ. በ1845 በስኮትላንድ አንድ የ28 ዓመት የጣሪያ ሠራተኛ በግራ ሆዱ ያደገ ጠንካራ እብጠት ይዞ ሐኪም ቤት ገባና ሞተ። ቤኔት የተባለው ሐኪም አስከሬኑን መርምሮ የገዘፈ ጣፊያና መግል የመሰለ ደም አገኘ። በዚያው ዓመት ፊርሖው የተባለ ሐኪም በጀርመን ተመሳሳይ ሰው አይቶ ነገሩ መግል ሳይሆን የነጭ ሴል መብዛት እንደሆነ ገለጸ፤ በኋላም ሉኬሚያ፣ «ነጭ ደም» ብሎ ሰየመው። የደም ካንሰር ወደ ሕክምና መጽሐፍ የገባው በጣፊያ በር ነው ማለት ይቻላል።

ያኔ የታየው ዛሬ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። በጤናማ ሰው ከ4,000 እስከ 11,000 የሚሆነው የነጭ ሴል ቁጥር በዚህ በሽታ 100,000ን ሊያልፍ ይችላል፤ ጣፊያው እምብርት ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ ሰውየው ግን እየሠራና እየተራመደ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960 በፊላዴልፊያ ያጠረ ክሮሞዞም ተገኘበት፤ በ1973 የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ መለዋወጣቸው ታወቀ፤ በ2001 ይህን ስህተት ለይቶ የሚመታ ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን ጸደቀ። ቀድሞ በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረው ካንሰር ዛሬ በየቀኑ ክኒን እየዋጡ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩበት ሆኗል፤ ጣፊያውም በመድኃኒቱ ወደ ልኩ ይመለሳል። ስልኩ ላይ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ያነበበ ሰው ይህንንም ቢያነብ ጥሩ ነው።

ማይሎፋይብሮሲስ በተባለው ሌላ የደም ካንሰር መቅኔው በጠባሳ ይሞላና ደም መሥራት ያቅተዋል። የደም ፋብሪካው ወደ ጣፊያና ወደ ጉበት ይሰደዳል። እዚያ የተሠሩት ቀይ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የእንባ ዘለላ ይመስላሉ። ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር)፣ በተለይ ንፍፊት ሳያወጣ ጣፊያ ውስጥ የሚቀመጠው ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድና ለመድኃኒት የሚመለስ ነው። በሕፃናት የሚታየው አጣዳፊ ሉኬሚያ ደግሞ ከጣፊያው ይልቅ በትኩሳት፣ በአጥንት ሕመምና በመድማት ራሱን ይገልጣል።

ሁሉም ክምችት ካንሰር አይደለም። ፊሊፕ ጎሼ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 የገዘፈ ጣፊያ ያላትን ሴት ሲያጠና የጣፊያ ዕጢ መስሎት ነበር። በኋላ ግን አንድ ኢንዛይም በውርስ ስለጎደለ ስብ በበላተኛ ሴሎች ውስጥ መከማቸቱ መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የጎደለው ኢንዛይም በመርፌ ይተካል። ከልጅነት ጀምሮ ጣፊያው ያበጠ፣ አጥንቱን የሚያመውና በቀላሉ የሚደማ ሰው ሌላው ሁሉ ተመርምሮ መልስ ሲጠፋ ይህ የጎሼ በሽታ መታሰብ አለበት። ሉፐስ (የራስ መከላከያ በራስ አካል ላይ የሚነሳበት በሽታ) እና የቆየ የመገጣጠሚያ ብግነትም ጣፊያን ያሳብጣሉ፤ እነዚህን ግን ቀድሞ የሚናገረው መገጣጠሚያውና ቆዳው ነው።

እጅና መስታወት

ጥሩ ሐኪም ያበጠ ጣፊያ ሲፈልግ እጁን ከግራ ጎድን ሥር አያስጀምርም። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል፤ የሐኪሙ እጅ ከቀኝ ታችኛው ሆድ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ግራ ጎድን ይወጣል። ጣፊያ የሚያድገው በዚህ መስመር ላይ ስለሆነ ነው። ከላይ የጀመረ እጅ በራሱ በጣፊያው ገላ ላይ አርፎ «ሆዱ ጠንከር ብሏል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «አየር ሳብ» ይባላል፤ ድያፍራሙ ሲወርድ ጣፊያውም ይወርድና ጠርዙ ጣትን ገጭ ያደርጋል። እጁ ልስልስ መሆን አለበት። ያበጠ ጣፊያ አይታሽም፣ አይጫንም፣ አይደበደብም።

ቀጥሎ የሚመጣው የደም ቆጠራ ነው። ከዚያ ብዙዎች የሚዘልሉት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ይመጣል፦ አንዲት ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ተሰራጭታ፣ ቀለም ጠጥታ፣ በማይክሮስኮፕ ስትታይ። የወባ ተውሳክ፣ የተቆለመመ ሴል፣ ኳስ የሆነ ሴል፣ የእንባ ዘለላ፣ ያልበሰለ ነጭ ሴል፤ ከላይ ከተጠቀሱት ምክንያቶች የብዙዎቹ አሻራ በዚያች ጠብታ ላይ አለ። የጉበት ምርመራ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የኤችአይቪ፣ እንደ አካባቢው ደግሞ የካላዛርና የቢልሃርዝያ ምርመራ ይጨመራል። አልትራሳውንዱም ሲደገም የጣፊያውን ርዝመት ብቻ ሳይሆን የፖርታሉን ሥር ፍሰት፣ የጉበቱን መልክና የተደበቀ ንፍፊት መኖሩን ይመለከታል። የመቅኔ ናሙና የሚወሰደው እነዚህ ወደዚያ ሲያመለክቱ ነው። ከምርመራው ሁሉ በፊት ግን ጥያቄ ይቅደም፦ የት ኖርክ? ምን ዓይነት ውኃ ውስጥ ገባህ? ትኩሳቱ ስንት ሳምንት ሆነው? ከቤተሰብ ደም የሚያንሰው አለ? ክብደት ቀንሰሃል? ሌሊት ያልብሃል?

ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ጣፊያው በጥቂቱ ብቻ ያደገ ከሆነ፣ ሰውየውም ደህና ከሆነ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መልሶ መለካት በቂ ነው። ይህ መልስ ብዙ ሰው አያረካም፤ ግን ትክክለኛ መልስ ነው።

ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ያበጠ ጣፊያ የደም ሴሎችን ይዞ በማስቀረት ደም እንዲያንስ ስለሚያደርግ፣ ብዙ በያዘ መጠንም ስለሚያብጥ፣ «ይውጣና እንገላገል» የሚለው ሐሳብ ይማርካል። ጣፊያ የሌለው ሰው መኖር ይችላል፤ ፈንድቶ ሲደማ፣ ስፌሮሳይቶሲሱ ሲጠና፣ ከአንዳንድ የሲክል ሴል አደጋም በኋላ ማውጣቱ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግና ሹማከር የተባሉ ሐኪሞች ጣፊያቸው የወጣላቸው ሕፃናት በድንገተኛ የደም ኢንፌክሽን መጎዳታቸውን ጻፉ፤ ከዚያ ወዲህ ቀዶ ጥገናው እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ኒሞኮከስን የመሰሉ ሽፋን ያላቸው ባክቴሪያዎች ጣፊያ በሌለበት ሰው ላይ በሰዓታት ውስጥ ይዛመታሉ፤ ከሚይዟቸውም እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ሊገድሉ ይችላሉ። ወባም ይከፋል። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው በዕቅድ ከሆነ ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድሞ የኒሞኮከስ፣ የማጅራት ገትርና የሂሞፊለስ ክትባት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው ትኩሳት ማለት የሚታደርበት ነገር አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይኬዳል፣ አንቲባዮቲኩ በዚያው ሰዓት ይጀመራል፣ «ጣፊያ የለኝም» የሚለውም መጀመሪያ ይነገራል።

ጣፊያው ገና በቦታው ያለ፣ ማበጡም የታወቀ ሰው ደግሞ ሳይዘገይ መነሣት ያለበት በእነዚህ ላይ ነው፦ ከመውደቅ ወይም ከግጭት በኋላ በግራ ጎን የጀመረ ከባድ ሕመም፣ ምንም ሳይመታ የሚያም የግራ ትከሻ፣ ራስ መሳትና ቀዝቃዛ ላብ። ትከሻው የሚያመው ከፈነዳው ጣፊያ የፈሰሰው ደም ድያፍራሙን ስለሚነካ፣ የድያፍራሙ ነርቭም ከትከሻው ጋር አንድ ሥር ስላለው ነው። ሆዱ ገና ሳያብጥ፣ የሚያመው ትከሻው ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል።